ኖስትሮሞ (ልብ ወለድ)

ኖስትሮሞ በፖላንድ ተወላጁ እንግሊዛዊ ደራሲ ጆሴፍ ኮንራድ የተጻፈ ረጅም ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፍ መልክ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1904 (በ1897 ዓ.ም.) ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት በአንድ የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው ደራሲው በፈጠራት ኮስታጓና በምትባል የደቡብ አሜሪካ አገር፣ በተለይም ሱላኮ በተባለ የወደብ ከተማዋ ነው። የታሪኩ እምብርት ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ውስጥ የሚገኘው የሳን ቶሜ የብር ማዕድን ነው።

ልብ ወለዱ ሀብትን ማሳደድ የሰውን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ከሚያሳዩ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሥራዎች መካከል ብዙ ጊዜ ስሙ ይነሣል። ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብሩ ይበልጥ የሚያበላሸው ስግብግቦቹን ሳይሆን ለገንዘብ ደንታ የላቸውም የተባሉትን ሰዎች ነው። ወደ እነርሱ የሚገባውም በስስታቸው በኩል ሳይሆን በሚኮሩበት ነገር በኩል ነው፤ በአንዱ ላይ በዓላማው፣ በሌላው ላይ በመልካም ስሙ።

በአማርኛ «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ማዕድኑን ብቻ ያመለክታል፤ ሆኖም መጽሐፉን ለሚያነብ ሰው የቃሉ ሁለትነት የሚያሳስት አይደለም። እንዲህ ባለው ልዩነት ላይ ነው ታሪኩ የሚሽከረከረው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደራሲው

ኮንራድ ዲሴምበር 3 ቀን 1857 በርዲቺቭ በተባለች ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በዩክሬን ትገኛለች። አባቱ ገጣሚና ተርጓሚ ሲሆን ለፖላንድ ነፃነት በመታገሉ በ1862 ከነቤተሰቡ ቮሎግዳ ወደምትባል ቀዝቃዛ የሩሲያ ከተማ ተጋዘ። እናቱ ልጁ የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች፤ አባቱም በ1869 ተከተላት። ስለዚህ ኮንራድ አንድ ታላቅ ዓላማ ቤተሰብን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያወቀው ከመጻሕፍት አይደለም።

በ16 ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ መርከበኛ ሆነ፤ በኋላም በእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ላይ እስከ ካፒቴንነት ደረሰ። እንግሊዝኛ ከፖላንድኛና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ የመጣ ሦስተኛ ቋንቋው ነበር፤ መናገር የጀመረውም ካደገ በኋላ ነው። በ1890 ወደ ኮንጎ ተጉዞ በዝሆን ጥርስ ንግድ ላይ የቆመውን የቤልጂጉን ንጉሥ የሊዮፖልድን አገዛዝ በዓይኑ አየ። ከዚያ ጉዞ የተወለደው «የጨለማው ልብ» የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ ስልጣኔን አመጣለሁ ብሎ ሄዶ በዝሆን ጥርስ ክምር መካከል ስለጠፋ ኩርትዝ ስለተባለ ሰው ይተርካል። ኖስትሮሞ ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ ከአንድ ሰው ወደ አንድ አገር ያሰፋዋል ማለት ይቻላል። ኮንራድ በኦገስት 3 ቀን 1924 አረፈ።

የመጽሐፉ አነሣስ

ኮንራድ በ1917 ለመጽሐፉ በጻፈው መቅድም እንደሚገልጸው፣ የታሪኩን ፍሬ የሰማው በ1875 ወይም በ1876 በካሪቢያን አካባቢ ወጣት መርከበኛ ሳለ ነው። በአንድ የደቡብ አሜሪካ ዳርቻ በአብዮት ግርግር መካከል ብር የጫነ ጀልባ ብቻውን ስለሰረቀ ሰው ይወራ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ባገኘው የአንድ መርከበኛ ትዝታ ውስጥ ያው ታሪክ ተጽፎ አገኘው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሌባው የለየለት ወራዳ ነው፤ ጥቂት በጥቂት እየወሰደ ቀስ ብሎ እንደሚበለጽግ በአደባባይ ይፎክራል። ኮንራድ የወራዳ ስርቆት መጻፍ እንዳላጓጓው ይናገራል። ብሩን የወሰደው ሰው ወራዳ ባይሆንስ የሚል ጥያቄ ሲመጣለት ነው ልብ ወለዱ የጀመረው።

ደራሲው ራሱ የደቡብ አሜሪካን ምድር ያየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለነበር፣ ስለ ቬኔዝዌላና ስለ ፓራጓይ የተጻፉ የጉዞ መጻሕፍትን ተጠቅሟል። ለዋናው ገጸ ባሕርይ መነሻ የሆነው አብሮት በመርከብ የሠራ ዶሚኒክ ቼርቮኒ የተባለ የኮርሲካ ሰው እንደሆነም ጽፏል። መጽሐፉ በመጻፍ ላይ እያለ በኖቬምበር 1903 ፓናማ በአሜሪካ ድጋፍ ከኮሎምቢያ ተገነጠለች። በልብ ወለዱም ሱላኮ ከኮስታጓና ትገነጠላለች፤ አዲሲቱን አገር በቅድሚያ ከሚያከብሩት መካከልም የአሜሪካ የጦር መርከብ አለ።

ስፍራው

ሱላኮ ጸጥተኛ በተባለ ሰፊ ባሕረ ሰላጤ ዳር ትገኛለች። በዚያ ነፋስ ስለሌለ በሸራ የሚሄዱ መርከቦች ለዘመናት ሊደርሱባት አልቻሉም፤ በየብስ በኩል ደግሞ ከፍተኛ ተራሮች ከሌላው ክፍለ ሀገር ይለይዋታል። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ግን ከተማዋ በአንድ ጊዜ ከዓለም ገበያ ጋር ተገናኘች። ሌሊት ደመናው ባሕሩን ስለሚሸፍነው ሰው የገዛ እጁን እንኳ ማየት አይችልም፤ በታሪኩ ውስጥ ወሳኙ ድርጊት የሚፈጸመውም እንዲህ ባለ ጨለማ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አፍ አዙዌራ የሚባል ድንጋያማ ምድር አለ። የአካባቢው ድሆች ስለዚህ ቦታ የሚያወሩት ተረት በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ሁለት መጻተኛ መርከበኞች የተቀበረ ወርቅ ፍለጋ ወደዚያ ገብተው አልተመለሱም። ሕዝቡ ግን አልሞቱም ይላል፤ ወርቁን አግኝተው ከእርሱ መለየት ስላልቻሉ ተርበውና ተጠምተው ነፍሳቸው ከሀብቱ ጋር ታስራ ትኖራለች። ይህ ተረት የተቀመጠው ለማስዋቢያ አይደለም። ኖስትሮሞ ራሱ ተረቱን ያውቀዋል፤ በኋላም ያስታውሰዋል።

ታሪኩ

መጽሐፉ በሦስት ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ እነርሱም «የማዕድኑ ብር»፣ «ኢዛቤሎች» (በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ያሉት ደሴቶች ስም) እና «የመብራት ማማው» ናቸው።

ቻርልስ ጉልድ በኮስታጓና የተወለደ የእንግሊዝ ዘር ነው። የአገሪቱ መንግሥት ሥራውን ያቆመውን የሳን ቶሜ ማዕድን በግድ ለአባቱ ሰጥቶ፣ ገና ምንም ብር ሳይወጣ የ5 ዓመት ግብር በቅድሚያ እንዲከፍሉ አስገደዳቸው። አባትየው በእንግሊዝ ለሚማረው ልጃቸው ወደዚህ አገር ፈጽሞ እንዳይመለስ፣ ማዕድኑንም እንዳይነካ እየለመኑ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው በብስጭት ሞቱ። ልጁ ግን የማዕድን ምሕንድስና ተማረና፣ ጣሊያን አገር ያገኛትን ኤሚሊያን አግብቶ ወደ ሱላኮ ተመለሰ። ሆልሮይድ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ባለጸጋ ገንዘቡን አቀረበ፤ ማዕድኑም ተከፈተ።

ከዓመታት በኋላ ማዕድኑ የመላው ክፍለ ሀገር ኃይል ሆነ። ጉልድ በገንዘቡ ሪቢዬራ የተባለውን መሪ ወደ ሥልጣን አወጣ። የጦር ሚኒስትሩ ሞንቴሮ ግን አመፀ፤ ሪቢዬራም ተሸንፎ ሸሸ። ሱላኮ በግርግር በታወከችበት ቀን የ6 ወር የብር ምርት በጉምሩክ ቤት ተቀምጦ ነበር። አማፂዎቹ እንዳይይዙት በሌሊት በጭነት ጀልባ ወደ ባሕር እንዲወጣ ተወሰነ። ይህ አደራ የተሰጠው ለኖስትሮሞ ነው።

ኖስትሮሞ፣ በእውነተኛ ስሙ ጃን ባቲስታ ፊዳንዛ፣ የጄኖቫ ሰውና የወደቡ ጫኝና አውራጆች አለቃ ነው። ቅጽል ስሙ በጣሊያንኛ የመርከብ ሠራተኞች አለቃ ማለት ሲሆን፣ «የእኛ ሰው» ከሚለው ሐረግም ጋር ይቀራረባል፤ የእንግሊዙ አለቃው ካፒቴን ሚቸል ሲጠራውም ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ ይመስላል። በጀልባው ላይ አብሮት የተሳፈረው ማርቲን ዴኩድ ነው፤ በፓሪስ የኖረ፣ በምንም ነገር የማያምን፣ ለአንቶኒያ አቬያኖስ ካለው ፍቅር የተነሣ ጋዜጣ የሚያዘጋጅና የሱላኮን መገንጠል የጠነሰሰ ወጣት። በጨለማው ውስጥ የአማፂው ኮሎኔል የሶቲዮ መርከብ ከጀልባው ጋር ተጋጨ። ሁለቱ ሰዎች ታላቋ ኢዛቤል ወደምትባል ሰው አልባ ደሴት ደርሰው ብሩን ቀበሩ። ዴኩድ እዚያው ቀረ፤ ኖስትሮሞ ጀልባዋን አስጥሞ በዋና ወደ ከተማው ተመለሰ።

ከተማው ግን ብሩ በባሕር ውስጥ ሰጥሟል ብሎ አምኗል። ዶክተር ሞኒግሃም ኖስትሮሞን ሲያገኘው ስለ ብሩ አልጠየቀውም፤ ሌላ አደገኛ ሥራ ሰጠው። ኖስትሮሞ በፈረስ ረጅም መንገድ ጋልቦ የጄኔራል ባርዮስን ጦር አስመጣ፤ ሱላኮም ዳነች፤ የምዕራብ ሪፐብሊክ ተብላ ነፃ አገር ሆነች። በዚህ መካከል ዴኩድ በደሴቱ ላይ ብቻውን ቀናትን ቆጥሮ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ 4 የብር ጥፍጥፎችን በኪሱ ከትቶ በትንሿ ታንኳ ወደ ባሕሩ መሀል ወጣና ራሱን ተኮሰ። ብሩ ክብደት ሆኖ ወደ ጥልቁ አወረደው።

ኖስትሮሞ ሲመለስ 4 ጥፍጥፎች ጎድለው አገኘ። ከዚያ በኋላ ስለ ብሩ ለማንም አልተናገረም። በሌሊት እየሄደ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ካፒቴን ፊዳንዛ የሚባል ባለ መርከብ ነጋዴ ሆነ። በደሴቱ ላይ የመርከብ መሪ መብራት ማማ ሲሠራ ምስጢሩ እንዳይገለጥ ፈርቶ፣ የቀድሞ ወዳጁ አዛውንቱ ጆርጆ ቪዮላ ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር የማማው ጠባቂ እንዲሆን አደረገ። የሚወደው ታናሺቱን ጂዜሌን ነው፤ አባቷ ግን የታጨው ለታላቂቱ ለሊንዳ እንደሆነ ሲያስብ ደሴቱን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም አለ። አንድ ሌሊት ወደ ብሩና ወደ ጂዜሌ ሲመጣ ሽማግሌው ሌላ ሰው መስሎት ተኩሶ ጣለው።

ጉልድና ማዕድኑ

ቻርልስ ጉልድ ማዕድኑን የከፈተው ለመክበር አይደለም፤ ይህ በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ የተቀመጠ ነው። አባቱን የገደለው ነገር ወደ በጎ ነገር ሲለወጥ ማየት ፈለገ። ሐሳቡም ያለ ምክንያት አልነበረም፦ ሥራ ካለ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ጥበቃ ካለ ሕግ ይመጣል፤ ሕግ ሲጸና ፍትሕ ይከተላል። በየጊዜው መንግሥት በሚገለበጥባት፣ ጭካኔ በነገሠባት አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ ያቀረበ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

ውድቀቱ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ማዕድኑ እንዲሠራ ለባለ ሥልጣናት ጉቦ መክፈል ያስፈልጋል። ጉልድ ይከፍላል፤ ይንቃቸዋል፤ ስለ ነገሩ ግን አይናገርም። ዝምታው ንጽሕናውን የጠበቀለት ይመስለዋል። ቀጥሎ ጉቦ መክፈል ሰለቸውና መንግሥቱን ራሱን ለመለወጥ ገንዘብ አወጣ። አመፁ ሲመጣ ደግሞ ከመስጠት ይልቅ ተራራውን ሁሉ በድማሚት ለማፈንዳት አዘጋጀ። በዚህ ጊዜ ማዕድኑ ለሕዝቡ ደኅንነት የቆመ መሣሪያ መሆኑ ቀርቷል፤ ሕዝቡና ደኅንነቱ ለማዕድኑ ሲባል የሚታሰቡ ሆነዋል። ጉልድ በየትኛውም ደረጃ ላይ ዓላማውን አልካደም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ስግብግብ ሰው ቢሆን ኖሮ በአንድ ወቅት ይበቃኛል ሊል ይችል ነበር። ዴኩድ ስለ እርሱ ሲናገር፣ ይህ ሰው ማንኛውንም ፍላጎቱን ተረት አድርጎ ካላስዋበው መኖር አይችልም የሚል ፍሬ ነገር ያለው አስተያየት ይሰጣል።

ዋጋውን የከፈለችው ሚስቱ ናት። ኤሚሊያ የመጀመሪያውን የብር ጥፍጥፍ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ በእጆቿ ተቀብላው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያየችው ብረት ሳይሆን ተስፋ ነበር። በመጨረሻ ላይ ግን በእርሷና በባሏ መካከል የብር ግንብ ቆሞ ታያለች። ልጅ የላቸውም፤ ባሏ ሌሊቱን በማዕድኑ ያድራል። ኤሚሊያ በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ ሰው ብትሆንም እርሷም ሙሉ በሙሉ አላመለጠችም። የሪቢዬራ ሽንፈት ወሬ ሲደርስ ብሩ ከተራራ እንዲወርድ ሲባል፣ በዴኩድ ምክር ዜናውን ከባሏ ሰወረችው። ያ ባይሆን ኖሮ ብሩ ወደ ወደቡ አይወርድም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሞት ሁሉ በዚያ መሸሸግ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ገንዘቡን ያቀረበው ሆልሮይድ በጥቂት ገጾች ብቻ ነው የሚታየው። በየአገሩ የራሱን ንጹሕ የክርስትና መልክ ማስፋፋት የሚወድ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራ ሰው ነው፤ ኮስታጓናን የሚይዛትም እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ኮንራድ በእርሱ ላይ ብዙ ቀለም አላጠፋም፤ ሰውየው ብዙም አያስፈልገውም።

ኖስትሮሞና ስሙ

ኖስትሮሞ መጀመሪያ ላይ ብርን የሚበትን ሰው ነው። በአንድ የበዓል ቀን ቅር የተሰኘች ልጃገረድ ስጦታ ስትጠይቀው፣ ሕዝብ እያየ ከኮቱ ላይ የብር ቁልፎቹን በቢላዋ ቆርጣ እንድትወስድ ያደርጋል። የመጨረሻ ሳንቲሙንም ለአሮጊት ይሰጣል። የሚፈልገው ክፍያ መወራትን ነው። ሀብታሞቹ እንግሊዞች የማይሸጥ፣ የማይበላሽ ሰው ይሉታል፤ እርሱም ይህን ስም እንደ ልብስ ለብሶታል። የቪዮላ ሚስት ቴሬዛ ግን እነዚህ ሰዎች በወሬ ብቻ እየከፈሉህ ነው እያለች ትነቅፈው ነበር። በሞት አልጋዋ ላይ ቄስ እንዲጠራላት ስትለምነው ብሩን ለማስወጣት ቸኩሎ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ነፍሷን እንደ በደለ ይሰማዋል፤ የደረሰበትንም ሁሉ ከእርሷ እርግማን ጋር ያያይዘዋል።

ለውጡ የሚደርስበት ብሩን ባየ ጊዜ አይደለም። ባሕሩን በዋና ተሻግሮ፣ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ተኝቶ ሲነቃ፣ ነፍሱን ሸጦ ያዳነው ብር ለማንም ግድ እንዳልሰጠው ይረዳል። ጀግንነቱን የሚያደንቅ አልነበረም፤ ሰጠመ ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አልፈዋል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን በርካሽ የተገዛ ሰው አድርጎ ያያል።

እንዲያም ሆኖ ብሩን ሊመልስ ይችል ነበር። መንገዱን የዘጉት ዴኩድ ይዟቸው የሰመጡት 4 ጥፍጥፎች ናቸው። የጎደለውን እኔ አልወሰድኩም ቢል ማን ያምነዋል? ሙሉውን ሳይመልስ ከፊሉን መመለስ በስሙ ላይ ጥርጣሬ መጋበዝ ነው። ስለዚህ ሌባ እንዳይባል ብሎ ሌባ ሆነ። ይህ የመጽሐፉ ጥበብ ያለበት ስፍራ ነው፤ ኖስትሮሞን ወደ ስርቆት የገፋው የገንዘብ ፍቅር ሳይሆን ያው የማይበላሽ ተብሎ የተሰጠው ስም ነው። ከውጭ ለሚያየው ምንም አልተለወጠም፤ ሕዝቡ ይወደዋል፤ ሠራተኞች ያከብሩታል። እርሱ ግን በአደባባይ ደስ መሰኘት አልቻለም፤ በሌሊት እንደ ሌባ ይሾልካል፤ ፍቅሩንም እንኳ በግልጽ መናገር አቃተው። እንደ አዙዌራ መርከበኞች የታሰረ መሆኑን ያውቃል።

ሊሞት ሲል ኤሚሊያ ጉልድን አስጠርቶ ብሩ የት እንዳለ ሊነግራት ፈለገ። እርሷ መስማት አልፈለገችም፤ ለዘላለም ጠፍቶ ይቅር አለችው። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ብሩን በገዛ ፈቃዱ እምቢ ያለ ሰው ቢኖር እርሷ ብቻ ናት።

ሌሎቹ

ዴኩድ በታሪኩ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው፤ ዓላማ የለውም፤ ገንዘብም አይፈልግም። በአንባቢ ዘንድ ከሁሉም ይልቅ ሊያመልጥ የሚገባው እርሱ ይመስላል። ነገር ግን በሁሉ ነገር የሚሳለቅ ሰው የሚያዳምጠው ሰው ሲያጣ የሚይዘው ነገር የለውም። አንዳንድ አንባቢዎች የእርሱን ሞት የመጽሐፉ ደካማ ቦታ አድርገው ያዩታል፤ ኮንራድ በገጸ ባሕርዩ ላይ ፍርዱን ያፈጠነ መስሎ ይታያል። በሌላ በኩል ግን ደራሲው ጉልድን ስለነቀፈ ብቻ እምነት የለሽነትን መፍትሔ አድርጎ እንዳላቀረበ የሚያረጋግጠው ይኸው ሞት ነው።

ሶቲዮ ተራ ስግብግብ ነው፤ ዶክተር ሞኒግሃም ብሩ ወደቡ ውስጥ ሰጥሟል ብሎ ሲነግረው የባሕሩን ወለል ሲያስጎትት ጊዜውን አጠፋ። ሂርሽ የተባለውን ምስኪን የቆዳ ነጋዴ ስለማያውቀው ብር አሠቃይቶ ገደለው። ሞኒግሃም ራሱ በቀድሞው አምባገነን ዘመን በግርፋትና በሥቃይ ብዛት በወዳጆቹ ላይ የመሰከረ፣ ከዚያ ወዲህ ራሱን የሚንቅ ሰው ነው። ለኤሚሊያ ካለው ዝምተኛ ፍቅር በቀር የቀረው ነገር የለም፤ ስለ እርሷ ሲል ግን ማንንም ለአደጋ ከመላክ አይመለስም። በመጨረሻም በቁሳዊ ጥቅም ላይ የተመሠረተ ሰላም የራሱ ሕግና የራሱ ፍትሕ አለው፤ ውሎ አድሮ እንደ ቀድሞው ጭካኔ ይከብዳል ብሎ የሚናገረው እርሱ ነው። በታሪኩ መጨረሻ ላይ ሠራተኞች ማጉረምረም ጀምረዋል።

ጆርጆ ቪዮላ በወጣትነቱ ከጋሪባልዲ ጋር ለጣሊያን አንድነት የተዋጋ፣ ለድሆች ነፃነት የቆመ፣ ሀብትን የሚንቅ ሽማግሌ ነው። ዓላማው ከማንም ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል። እንደ ልጁ ያየው የነበረውን ሰው የገደለው ግን እርሱ ነው፤ ማንን እንደተኮሰም በቅጡ አልገባውም።

አተራረክ

መጽሐፉ ለጀማሪ አንባቢ አስቸጋሪ ነው። ታሪኩ በጊዜ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ የሪቢዬራ ሽሽት ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይነገርና ምክንያቱ የሚታወቀው ከብዙ ምዕራፎች በኋላ ነው። ኖስትሮሞም በስሙ የተጠራው መጽሐፍ ውስጥ እስከ ሁለተኛው ክፍል ድረስ አልፎ አልፎ፣ ይበልጡን በሰዎች ወሬ ውስጥ ነው የሚታየው። ይህ አቀራረብ ለጭብጡ ይስማማል፤ አንባቢው ሰውየውን ከማወቁ በፊት ዝናውን ያውቃል። የአገሪቱ መገንጠልና ድል የሚተረከው ደግሞ በካፒቴን ሚቸል አንደበት፣ ለጎብኚ እንደሚነገር የመታሰቢያ ንግግር ሆኖ ነው። ሚቸል በሁሉም ነገር ውስጥ የነበረ፣ ምንም ያልተረዳ ሰው ነው።

አቀባበል

መጽሐፉ ሲወጣ የሕዝብ ተወዳጅነት አላገኘም፤ ኮንራድንም በጣም አሳዝኖት ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ስኮት ፊትዝጄራልድ ግን ከማንኛውም ልብ ወለድ ይልቅ ኖስትሮሞን ጽፌ በሆነ ብሎ መመኘቱ ይታወቃል፤ የእርሱ «ታላቁ ጋትስቢ» (1925) በዓላማ ተሸፍኖ ስለሚመጣ የሀብት ፍለጋ መሆኑ ሲታሰብ ምኞቱ አያስገርምም። እንግሊዛዊው ሐያሲ ሊቪስ በ1948 ባሳተመው መጽሐፉ ለኖስትሮሞ ከፍተኛ ቦታ ሰጠው። ፍልስጤማዊ አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ሰኢድ በ1993 ባወጣው ሥራው ኮንራድ የባዕድ ገንዘብን ክፉ ገጽታ አስቀድሞ እንዳየ፣ ነገር ግን የደቡብ አሜሪካ ሕዝብ ከዚያ ውጭ የራሱ ሕይወትና ተስፋ ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ እንዳልቻለ ጽፏል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ማዕድኑን የሚቆፍሩት ነባር ሕዝቦች ስምና ንግግር ያላቸው ሆነው የሚቀርቡት በጣም በጥቂቱ ነው። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ሁዋን ጋብርኤል ቫስኬዝ በ2007 «የኮስታጓና ምስጢራዊ ታሪክ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ለኮንራድ ከዚያው አገር ሰዎች ወገን ምላሽ ሰጥቷል።

በፊልም

በ1926 «የብሩ ሀብት» በሚል ርዕስ በድምፅ አልባ ፊልም ተሠርቷል። ታዋቂው እንግሊዛዊ የፊልም አዘጋጅ ዴቪድ ሊን ለበርካታ ዓመታት ሲዘጋጅበት ቆይቶ ቀረጻው ሳይጀመር በ1991 ሞተ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቢቢሲ ከሌሎች አገሮች ጣቢያዎች ጋር በመተባበር በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አቅርቦታል፤ ቻርልስ ጉልድን ኮሊን ፈርዝ ተጫውቷል።

በ1979 በወጣው «ኤሊያን» በተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ማዕድን የሚያጓጉዘው የጠፈር መርከብ ስም ኖስትሮሞ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ኩባንያው ለጥቅሙ ሲል ሠራተኞቹን አሳልፎ ይሰጣል። በ1986 በወጣው ተከታዩ ፊልም የመርከቧ ስም ሱላኮ ተብሏል።